አመዶ ለትንሿ ድልድይ የመረጠው ቀለም

ታናሽ ወንድሜ ግትር ነው። ይህን የምለው እኔ ስላሳደግኩት ነው፤ ሌላ ሰው ቢለው እጣላለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባቡሩን ድልድይ ቀባ። ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጋ ሲደርስ የፊተኛው ዝጎ ይጠብቀዋል፤ ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። ግራጫው ቀለም ከፊቱ ስለማይለቅ ባልደረቦቹ «አመዶ» ይሉታል።

እሱ ጡረታ በወጣ በዓመቱ አዲስ ድልድይ ተሠራና አሮጌው በወሩ መጨረሻ እንዲፈርስ ተወሰነ። ለማስታወሻ የሚሆን፣ ባቡር ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ሞዴል እንዲሠራ አመዶን ጠየቁት። ቆርቆሮ ቆራርጦ ብሎኖቿ ሳይቀሩ አንድ በአንድ ሠራት።

«እትዬ፣ ያኛው ከፈረሰ ሰው የሚያየው ይቺን ብቻ ነው» አለኝ። «አይተው ‹ይሄማ የኛ አይደለም› ካሉኝ አለቀልኝ።»

ስለ ቀለሙ ግን አልተጨነቀም፤ ከትልቁ ድልድይ የተረፈ ግማሽ ጣሳ ቤቱ ነበር። በዚያው ቀባት። በነጋታው ሄጄ ሳያት ጥላሸት የጠጣ ምድጃ መስላለች፤ ያ ሁሉ ብሎን የት እንደገባ እንጃ።

«ድልድዩ እንዲህ አይጠቁርም» አልኩት።

«ሠላሳ ዓመት የቀባሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ነገሩ ግን እሱንም ከነከነው። ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ አጥቦ ደግሞ በዚያው ቀለም ቀባት፤ አሁንም አጠባት። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ «እህል ትቷል» ብላ ደወለችልኝ። «ይዟት ይምጣ» አልኳት።

ቤቴ ዳገቱ ላይ ነው፤ ድልድዩ ከወጥ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት ይታያል። ወንድሜ አንድ ሰሃን አጥቦልኝ ስለማያውቅ ወጥ ቤቴን አያውቀውም። ልዩ ልዩ ግራጫ የቀባቸውን የካርቶን ቁራጮች በመስኮቱ እያነሳ ከድልድዩ ጋር አስተያየ። የጣሳው ቀለም ከሰል ሆኖ ታየ። የገጠመው ነጭ የበዛበት፣ ሰማያዊ ጠብ ያለበት ግራጫ ነው። ዝገቱም ከሩቅ ቀይ አይደለም፤ ከመጋጠሚያዎቹ ሥር ስስ ቡናማ ጭረት ብቻ ነው። እዚያው ቀባት፤ ብሎኖቿ ብቅ አሉ።

«ለካ ከአንድ ክንድ ርቄ አይቼው አላውቅም» አለ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

ዓርብ ዕለት ሞዴሏ ለእይታ ስትቀርብ የጣቢያው አዳራሽ ሞላ። የድሮ ባልደረቦቹ ከበቧት፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ አየና «አመዶ፣ ቀለሟ ሳሳብህ፤ የኛ እንዲህ አልነበረም» አለ። የወንድሜ ፊት ክስል አለ።

ከዚያ ሚስቶቻቸው መጡ። የዚያው ሰውዬ ሚስት ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

«ራሱ ነው» አለች። «ይኸው፣ አንተ የምትንጠለጠለው እዚህ መሐሉ ላይ ነበር።»

ሌላዋም መጥታ የባሏን ቦታ አሳየች። ባሎቻቸው እርስ በርስ ተያዩ። ከሩቅ ሰው ያያቸው እንደነበር ከመካከላቸው ያሰበ የለም።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ አንቺም?»

«በየቀኑ» አልኩት። «እስክትወርድ ድረስ።»