ባዶው አሥራ ሰባት

ወርቅአየሁ እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ በምትገኝ ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት መሥራት ከጀመረች ስምንት ዓመት ሆናት። ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ማን ትዳሩን ሊፈታ እንዳሰበ፣ የከተማው ምስጢር ሁሉ መጀመሪያ የሚያልፈው በእሷ ጣቶች ነው። የእሷን ምስጢር ደግሞ ከተማው ያውቀዋል። ስለዚህ ማንም ማንንም አይበልጥም።

ምስጢሯ እንዳልካቸው ይባላል። ሊያገባት ቃል ገብቶ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በጫግኒ በኩል ለሥራ ሲወጣ «ለጥር እመጣለሁ» አላት። የትኛው ጥር እንደሆነ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ይላል፤ ኔትወርክ ነው የምትለው እሷ ብቻ ናት።

በጥር ለሚከበረው የፈረሰኞች በዓል የማኅበሩን አባላት ዝርዝር በየዓመቱ የምትጽፈው ወርቅአየሁ ናት። ተራ ቁጥሩ ለጌጥ አይደለም፤ ፈረሰኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሜዳ ላይ የሚሰለፉት በእሱ ነው። እንዳልካቸው አሥራ ሰባተኛ፣ ጓደኛው ሀብቱ አሥራ ስምንተኛ ናቸው። ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ ሊቀመንበሩ ጋሽ አበረ መጡ።

«ሁለት ጥር የቀረ ይሰረዛል፤ ደንቡ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የማንን እንደምል ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

እስከዚያ ቀን ቁጥሩን የምትጽፈው አንድ፣ ሁለት እያለች በእጇ ነበር። አጠገቧ የምትሠራው ሕይወት አይታ ሳቀችባት።

«አንች፣ ስድሳ ሰው በጣት ትቆጥሪያለሽ? የተራ ቁጥሩን ዓምድ ምረጭና ይችን ቁጥር ያለባትን ምልክት ተጫኛት። ራሱ ይቆጥርልሻል።»

ተጫነቻት። ቁጥሩ ከአንድ እስከ ስድሳ ተግተልትሎ ወረደ። ወርቅአየሁ እንደ ልጅ ደስ አላት፤ ደስታው የቆየው ግን የእንዳልካቸውን ረድፍ እስክታጠፋ ነበር። ረድፉ እንደጠፋ ሀብቱ ሽቅብ ወጥቶ አሥራ ሰባት ላይ ጉብ አለ። ከእሱ በታች ያሉትም አንድ አንድ ደረጃ ተጠጉና ዝርዝሩ ሃምሳ ዘጠኝ ላይ አለቀ። በእጅ ሲጻፍ ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ስምንት መዝለል ይቻል ነበር፤ እዚህ ቦታ ላይ አንድ ሰው እንደነበረ ያየ ሁሉ ያውቅ ነበር። ይሄ ማሽን ግን ሰውየውን የተወለደም አላስመሰለው።

ደንግጣ መለሰችው። ከዚያ ስሙን ብቻ፣ ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ አንድ በአንድ አጠፋች። ረድፉ ባዶ ሆነ፤ አሥራ ሰባት ግን ንቅንቅ አላለም።

ሕይወት አንገቷን አስግጋ ተመለከተች። «ተሳሳትሽ፤ የሚጠፋው ረድፉ ነው።»

«ስሙን ሰርዣለሁ። ቁጥሩን የጻፈው ማሽኑ ነው።»

በማግስቱ ጋሽ አበረ ወረቀቱን ሲያዩ ጣታቸው ባዶው ላይ ቆመ።

«ይሄኛው ማነው?»

«ማንም አይደለም፣ ጋሼ። ቁጥሩ ራሱ ነው የሚመጣው።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ማሽንሽም እንዳንች ተስፋ መቁረጥ አያውቅም ማለት ነው?»

አቀረቀረች። «ሌላ ሰው እንዳይገባበት ብቻ ነው።»

ጋሽ አበረ ወረቀቱን ቀስ ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ለዘንድሮ ይሁን። ሀብቱ ብቻውን ይጋልባል፤ ለከርሞ ግን እኔም አልችልም።»

በበዓሉ ቀን ፈረሶቹ በጌጥ አብረቅርቀው ሁለት ሁለት እየሆኑ አለፉ። ሀብቱ ሲመጣ ጎኑ ባዶ ነበር። ሰው ሁሉ ፈረስ ሲያይ፣ ወርቅአየሁ አንድ ፈረስ የሚያህለውን ባዶ ቦታ አቧራው እስኪሸፍነው ድረስ በዓይኗ ሸኘችው።