ኦርጋኑ እስኪሞቅ

ኦርጋን እንድጫወት የተመረጥኩት ታይፕ ስለምመታ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ዳንግላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ለከተማችን የኪነት ቡድን የሙዚቃ መሣሪያ ተልኮ መጣ፤ ከመሣሪያዎቹ መካከል ግን ኦርጋኑን የሚነካው ሰው ጠፋ። የቡድኑ ኃላፊ ቢሮአችን ገብቶ ጣቶቼን ሲያይ ቆየና፣

«ጓድ፣ አንቺ ሳታዪ ነው የምትመቺው አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«በቃ፣ ይህም ያው ነው።»

ያው አልነበረም። ነገር ግን እምቢ ለማለት የሚያመች ጊዜ አልነበረምና ሄድኩ።

ልጄ ትክክለኛ ስሙ ሲንተሳይዘር ነው ትለኛለች። እኛ ያኔም ዛሬም ኦርጋን ነው የምንለው። ከቁልፎቹ በላይ ብዙ ማዞሪያዎች አሉት። አንዱን ሲያዞሩት ድምፁ እንደ ዋሽንት ይቀጥናል፤ ሌላውን ሲያዞሩት እንደ እምቢልታ ይወፍራል። አብሮት የከበሮ ሳጥን መጥቶ ነበር። በላዩ ላይ ዲስኮ፣ ሮክ፣ ዋልስ የሚሉ ቁልፎች አሉ፤ የእኛን ምት የሚያውቅ ቁልፍ ግን የለውም። ስንት ቀን ከደከምን በኋላ ዋልሱን ተጭነን ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ስንገፋው ጭክጭካ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያወቅነው በጆሯችን አይደለም። ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ጨፋሪዎች ትከሻቸው ሲነሣ አይተን ነው።

የቡድኑ ዘፋኝ የነበረችው ሴት ዛሬም ጓደኛዬ ናት። የዳንግላ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ናት። ቤቷ አገውኛ፣ ከተማ አማርኛ ትናገራለች፤ በሁለቱም ትሳደባለች። ከልምምድ በኋላ ሁለታችን ብቻ እየቀረን አንድ ዘፈን ሠራን። ዜማው የእሷ ነው፣ ኦርጋኑ የእኔ። ከግጥሙ ይህን ልጻፍ፦

ጋሪው ጥሎኝ ሄደ ገበያው ሳይፈታ፣
በእግሬ እደርሳለሁ ቀስ ብዬ ለማታ።

ኃላፊው እስከ መጨረሻው አዳመጠንና «ጥሩ ነው። ምርት የት አለ?» አለ።

«ገበያ አለበት እኮ፣ ጓድ» አለች ጓደኛዬ።

«ገበያ ምርት አይደለም።»

በዚህ ምክንያት ዘፈኑ መድረክ አልወጣም፤ ካሴትም አልተቀዳም። እኛም ለቤታችን ስንዘፍነው ኖርን።

ቡድኑ ሲበተን ዕቃው መጋዘን ተጣለ። ባለቤቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ኦርጋኑንና የከበሮ ሳጥኑን ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ሲጣሉ አግኝቶ ለቅሞ አመጣቸው። ኦርጋኑ ውስጥ አይጥ ወልዳበት ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ሲፈታው ሲገጥመው ከርሞ አስነሣው። ሲሰጠኝ የነገረኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «ይህ እንደ ላም ነው፤ ሳታሻሺው አይታለብም» አለኝ። ማለት የፈለገው ቶሎ እንዳልነካው ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ኦርጋን እንደበራ ቅኝቱ ዝቅ ያለ ነው። ውስጡ እየሞቀ ሲሄድ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ በደንብ ሲሞቅ ይረጋል። ዳንግላ ሳለን ሩብ ሰዓት ይበቃው ነበር። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄ ሥራ ያገኘችው እንጅባራ ስለሆነ እኔም ወደዚያ መጣሁ። የእንጅባራ ብርድ ሌላ ነው። እዚህ አንድ ሰዓትም አልፎት ያውቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አበራውና ብርድ ልብስ አልብሼው ገበያ እሄዳለሁ። ስመለስ ደርሶ ይጠብቀኛል።

ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ ከዳንግላ ደወለችልኝ። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት ለብዙ ዓመት ምንም አላላትም ነበር። አሁን ግን ስትተኛ ትንፋሿን ይይዛት ጀመር። ሰኞ ባሕር ዳር ኦፕራሲዮን እንድትሆን ቀጠሮ ተሰጥቷታል።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አልኳት።

«ድምፅሽ ሊለወጥ ይችላል አለኝ። ላይለወጥም ይችላል አለ። ምን ቸገረው፣ እሱ አይዘፍን!»

ከዚያ «ያንን ዘፈን እንቅዳው። ከሰኞ በፊት» አለች።

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ መጣች። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች። ከማክሰኞ ጀምሮ መብራት አልነበረም። እኛ ሰላምታ ስንለዋወጥ መጣ።

«በይ ቶሎ፣ ሳይሄድ!» አለች ገና ሳትቀመጥ።

ኦርጋኑ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ እንደበረደ ነው። እንጠብቅ ማለት ነበረብኝ። መብራቱ ይጠፋል፣ ሰኞም ይደርሳል ብዬ ዝም አልኩ።

አሠራራችን በሁለት ቴፕ ነው። መጀመሪያ ከበሮውንና ኦርጋኑን ከዳር እስከ ዳር በአንዱ ቴፕ እቀዳለሁ። ከዚያ እሱን በድምፅ ማጉያ እያጫወትን እሷ አብራ ትዘፍናለች፤ ሁለተኛው ቴፕ ሁለቱንም ይቀዳል። በየቅጂው የቴፑ ሽሽ የሚል ድምፅ ይጨምራል እንጂ ይሠራል።

ዝቅ ያለውን ቅኝት በማዞሪያው ወደ ልኩ አምጥቼ የኔን ክፍል ቀድቼ ጨረስኩ። ጣቴ የሚያውቀው ቁልፉን ነው፤ ቅኝቱ በቀስታ ከፍ ሲል ለሚጫወተው ሰው አይታወቅም። ሁለተኛውን ቴፕ ከፈትኩና መዝፈን ጀመረች። አንደኛውን ቤት በደንብ አለችው። ሁለተኛው ላይ አንገቷ ሲወጠር አየሁ። ሦስተኛው ላይ ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰነጠቀና ቆመ። ቴፑ ብቻውን ቀጠለ። ተነሥቼ አጠፋሁት።

እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አለቀ» አለች። «ሐኪሙ ሳይነካኝ ሄዷል።»

«ድገሚው።»

«ምኑን ልድገመው? እንግዲህ ባሕር ዳርም አልሄድ። ድምፁ ከሄደ እብጠቱ ምን ቀረው? አብሮኝ ይኑር።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች። እንቅርቷ እንቅልፍ እየከለከላት እንደሆነ ልጇ ነግራኛለች፤ እሷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

«ቁጭ በይ» አልኳት። በሕይወቴ ቁጭ በይ ብያት አላውቅም። ቁጭ አለች።

የመጀመሪያውን ካሴት ወደ ኋላ መልሼ የኦርጋኑን የመጀመሪያ ድምፅ አሰማኋት። ከዚያ ወደ መጨረሻው አሳለፍኩት። ዘፈኑ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በአንድ ቁልፍ ነው። ደግሜ መጀመሪያውን፣ ደግሜ መጨረሻውን አሰማኋት።

«ይኸኛው ከፍ ብሏል» አለች።

«አዎ።»

«አንድ ቁልፍ አይደል እንዴ?»

«ቁልፉ አንድ ነው። በርዶ ሳለ ወደ ልኩ ያመጣሁት ኦርጋን እየሞቀ ሲሄድ ከልኩ አልፎ ሄዷል። አንች ደግሞ ጆሮሽ ጥሩ ስለሆነ ተከተልሽው። እዚያ ስትደርሺ ያኔ በወጣትነታችን ከምንዘፍነውም በላይ ሆኖብሽ ነው።»

«ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ?»

«መብራቱ ይጠፋል ብዬ ነው።»

አየችኝ። «አንች ሴትዮ፣ አፍሽ የተሠራው ለመብላት ብቻ ነው? እኔ እኮ አሁን ለቅሶዬን ልቀመጥ ነበር!» ከዚያ በአገውኛ ረዘም ያለ ነገር አለችኝ፤ እሱን አልጽፈውም። መሳቅ ጀመረች፤ እስኪያስላት ሳቀች።

ኦርጋኑን በብርድ ልብስ ሸፈንኩና ድንች ቀቀልኩ። በሚጥሚጣ እያጠቀስን ቁጭ አልን። እሷ በየመሀሉ አምፖሉን ቀና ብላ ታያለች። ለመጠበቅ የማትችል ሴት ናት፤ በዚያ ቀን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀች። ስለ ሰኞ አላወራንም። ስለ ኃላፊው አወራን፤ ስለ ምርት።

ብርድ ልብሱን ሳነሣው ኦርጋኑ ለብ ብሏል። አንዱን ቁልፍ ተጭኜ ብዙ ቆየሁ። አልተነቃነቀም። ማዞሪያውን ወደ ቦታው መለስኩ። የኔን ክፍል አዲስ ቀዳሁና እሷ ዘፈነች። ሦስተኛው ቤት ላይ ስትደርስ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ወለሉን አየሁ። ወጣችው። እንደ ልጅነቷ አይደለም፤ ጠርዙ ሻክሯል። ግን ወጣችው። ሁለተኛው ቤት መሀል አንድ ባጃጅ በደጅ ሲያልፍ ጥሩንባውን ነፍቷል፤ ካሴቱ ውስጥ አለ። እንድገመው ወይ አልኳት።

«ተይው፤ ጋሪው ነው» አለች።

ቅዳሜ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን ከልጇ ጋር ወደ ባሕር ዳር ተሳፈረች። ኦፕራሲዮኑ ደኅና አለፈ። ለብዙ ቀን እንዳታወራ ተከልክላ ነበር፤ ልጇ እንዳለችኝ ከቁስሉ ይልቅ ያመማት ዝምታው ነው። ከዚያ ራሷ ደወለች። «ሃሎ» ስትል ሌላ ሰው መሰለችኝ። ድምፅዋ ወርዷል፣ ሻክሯል። ያን ዕለት ስለ ዘፈን አንዳችንም አላነሣንም። አሁን ግን ጋደም ብላ እስኪነጋ ትተኛለች።

ከሁለት ወር በኋላ መጣች። ካሴቱን ሰማነው። አንገቷ ላይ ያለውን ቀጭን ጠባሳ እየዳሰሰች እስከ መጨረሻው ሰማችና፣

«ጥሩ ትዘፍናለች» አለች። «አሁን ያለችውስ እስቲ ትሞክር።»

ኦርጋኑ ከጠዋት ጀምሮ በርቶ ነበር። እጄን ከለመድኩት ቦታ ሁለት ቁልፍ ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። አንደኛውን ቤት ብላ አቆመች።

«ዝቅ አድርገሽዋል አይደል?»

«አዎ።»

«ዛሬስ ተናገርሽ» አለችና ትንሽ አሰበች። «ሌላ አንድ ጨምሪበት።»

አንድ ጨመርኩ። እዚያ ላይ ድምፅዋ ወፍራምና ሰፊ ነው፤ እምቢልታ በሚመስለው ድምፅ ሳጅባት ይስማማታል። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች፤ ዘፈኑን በዚህ በአዲሱ ልክ እየሠራነው ነው። ሦስተኛው ቤት ከመድረሱ በፊት ትንፋሽ ያጥራታል። እዚያ ቦታ ላይ እስክትዘጋጅ ድረስ ኦርጋኑን አራዝመዋለሁ።