ግግ ያሉት ጥርስ

ክረምት ሲበረታ የፎገራ ሜዳ መሬትነቱን ይረሳል። ሩዙ አንገቱን ብቻ ከውሃው ያወጣል፤ ሰማዩም ወርዶ በማሳው መካከል ይተኛል። የቁሐር ሚካኤል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይርጋለም፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በዚያ ሰማይ ላይ ትሮጥ ነበር።

ከወረታ፣ ከስልጠና መመለሷ ነው። ቤት ለቤት መዞር ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ አጎበር፣ ስለ ክትባት ስታስተምር ኖራለች። ስለ ጥርስ ግን አስተምሪ ያላት አልነበረም። ዛሬ አሰልጣኙ "ከእንግዲህ የአፍ ጤናም ከሥራችሁ ይገባል" አለና የሕፃን ድድ ሥዕል አሳያቸው። ከድዱ ሥር ነጣ ያለ ነገር ይታያል።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ግግ!" አሉ ሰልጣኞቹ ሴቶች ባንድ ድምፅ። ሕፃን ሲያተኩሰው፣ ተቅማጥ ሲይዘው፣ የበሽታው ትል ነው ተብሎ በመርፌ ተፈልፍሎ የሚወጣው።

"ጥርስ ነው" አለ አሰልጣኙ። "ገና ያልበቀለ ጥርስ።"

ይርጋለም አፏን ያዘች። ጥርስ! ልጅ ገና እናቱን ለይቶ ሳያውቅ፣ በዚያች ለስላሳ ድድ ውስጥ ተዘርቶ ቀኑን የሚጠብቅ ዘር! ወዲያው ግን ንግሥቲ ትዝ አለቻት። ጎረቤቷ ናት፤ ከስንት ስለት በኋላ አንዲት ሴት ልጅ አግኝታለች። ጠዋት ልጅቱን ተቅማጥ ይዟት "ግግ ይሆን እንዴ?" ስትላት፣ ይርጋለም ባጃጁ እንዳያመልጣት እየተጣደፈች "እንግዲያማ እማማ ደብሬ ይዩልሽ" ብላት ነበር የወጣችው።

ንግሥቲ ቤት ስትደርስ፣ የሰፈሩ ግግ አውጪ እማማ ደብሬ መርፌያቸውን ጠርገው ተቀምጠዋል።

"ኧረ ይችን ተመልከቱ! እንደ ዳክዬ ከውሃ ወጣች።"

"እማማ፣ አወጡት?"

"አወጣሁታ። አንች ልከሻት!"

"ጥርስ ነው እኮ! ትል አይደለም፣ ጥርስ ነው!"

አሮጊቷ ሳቁ። "እኔ ጥርስ አልባዋ ጥርስ አላውቅም? ወረታ ያልሰማሽው የለ!"

ንግሥቲ ልጇን አቅፋ ይርጋለምን ታያታለች። የልጅቱ ከንፈር ደም ለብሷል።

ከጥቂት ቀን በኋላ የልጅቱ ፊት አብጦ ገላዋ እንደ እሳት ነደደ። ውሃው መንገዱን ስለዘጋው እስከ አስፋልቱ በታንኳ ወሰዷት። ይርጋለም ከፊት ተቀምጣ ቀዛፊውን "ቶሎ በል፣ ወንድሜ!" ትለዋለች። ሩዙ ከግራ ከቀኝ እየተሻሸ ይከፈታል፤ እንዲህ ያለ አረንጓዴ በዚህ ቀን መኖሩ ገረማት፣ አስጠላትም። ባጃጅ ላይ ሲወጡ ልጅቱ መጥባት አቁማለች። ጤና ጣቢያው በር ላይ ንግሥቲ ልጇን አየቻትና ጮኸች።

በለቅሶው ላይ ማንም ይርጋለምን አልወቀሳት። እማማ ደብሬ ጥግ ይዘው እጃቸውን ይመለከታሉ። ድንገት "ይኸን ሁሉ ዘመን ስትዞሪ፣ ቀድመሽ አትነግሪንም ነበር?" አሏት።

"እኔስ መቼ ተነገረኝ፣ እማማ?"

ያን ጊዜ ንግሥቲ ቀና አለች። ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ሰልሏል።

"ጥርስ ነው ነበር ያልሽው?"

"አዎ፣ እህቴ።"

"እንግዲያ ልጄ... ጥርስ ልታበቅል ኖሯል?" አለች፤ እንደ ተገረመች ሁሉ። መልሳም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።