በምሽጉ በኩል ያለው ግድግዳ

እንድሪስ አብዱልወሀብ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ አንኳኳና ጆሮውን አስጠጋ። ባዶ ድምፅ ሰጠው፤ ልስኑ ከድንጋዩ ተላቋል። ዝቅ ብሎ ደግሞ አንኳኳ። እዚያ ድምፁ የደነዘዘ ነበር። ከልስኑ ጀርባ ውሃ አለ ማለት ነው።

«ምን ይላል?» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሰይድ፣ በሩ ላይ እንደቆመ።

«ርሷል።»

«መራሱንማ ዕውርም ያውቀዋል። ከየት መጣ ነው ጥያቄው።»

እንድሪስ ጣቱን ከግድግዳው አነሳ። ከየት እንደመጣ ያውቃል። ከግድግዳው ማዶ፣ ሦስት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ባለፈው ኅዳር የቀበሌው ሕዝብ በዘመቻ የቆፈረው ምሽግ አለ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ እዚያ እየተኛ ቀስ በቀስ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል። ግን ጊዜው 1982 ነው፤ ጦርነቱ ወደ ደሴ ተጠግቷል። ቤቱን ያበላሸው ምሽጉ ነው ማለት ምሽጉ ይደፈን ማለት ነው። ምሽግ ይደፈን ያለ ሰው ደግሞ ለማን ብለህ ነው ተብሎ ይጠየቃል።

«ኮሚቴው ውሃው ከውስጥ ነው ብሏል» አለ ሰይድ። «ሴትዮዋ በቀን አምስቴ እዚች ጥግ ላይ ለሶላት ትታጠባለች። አንተ እንደ ባለሙያ አረጋግጠህ ትፈርማለህ። ዓርብ ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የመንግሥት ቤት ያበላሸ ይለቃል።»

ሴትዮዋ የተባለችው መዲና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ጉሊት ሽንኩርት እየሸጠች ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። ፎቁ ከአንድ ነጋዴ ተወርሶ ለስምንት ቤተሰብ ሲከፋፈል ይቺ የምድር ቤት የኋላ ክፍል ለባሏ ደርሳ ነበር። ከዚህ ብትወጣ መግቢያ የላትም።

«እኔ የምታጠበው በአንዲት ጣሳ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች። «እርስዎስ በስንት ነው?»

የሰይድ አባት ሼህ ነበሩ። እሱ ግን የፓርቲ አባል ከሆነ ወዲህ ሲሰግድ ያየው የለም።

«እኔን ዝናቡ ይበቃኛል» አለ።

ከላይኛው ፎቅ ደረጃ ላይ የሴት ሳቅ ተሰማ። ጎረቤቲቱ እቴነሽ ናት። «መዲና፣ ውሃሽ ወደ ላይ ከወጣ ሳሙና ይዤ ነው የምጠብቀው» አለች። ሰይድ ቀና ብሎ ሲያያት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ገባች።

እንድሪስ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ወረባቦ ውስጥ፣ ቢስቲማ አጠገብ፣ ከአባቱ ጋር ጭቃ ሲያቦካ ነው ያደገው። አባቱ ጭቃና ጭድ አንድ ወር ሳይቦካ ግድግዳ አይመርግም ነበር፤ ባለቤቱ ቢቸኩል ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። እንድሪስ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ የድንጋይ ግንብ ተማረ። ዛሬም የሚኖረው እዚያው ነው። በ1970 የአንድ መሰብሰቢያ አዳራሽ መሠረት አጥሯል ብሎ በስብሰባ ላይ ተናገረና ሥራ ለማደናቀፍ ነው ተብሎ አራት ወር ታሰረ። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገረው ከግድግዳ ጋር ነው ይሉታል፤ ሲያንኳኳ አይተው።

ከዚህ ግድግዳ ጋር ደግሞ የቆየ ጉዳይ አለው። ባለፈው ዓመት ለአብዮት በዓል ቀበሌው ሲሚንቶ ሲያገኝ ቤቱን የለሰነው እሱ ነው። ድንጋዩ በጭቃ የተገነባ ነው። ሲሚንቶ ከተለሰነበት ያፍነዋል፤ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል። ይህን እያወቀ ለሰነ። ሲሚንቶ ሥልጣኔ ነው የተባለበት ጊዜ ነበር፣ እሱም መታሰርን ያውቃል።

«ሦስት ቀን ይስጡኝ» አለ።

«ለምን?»

«ባለሙያ ካሉኝ አይቼ ልፈርም።»

ሰይድ ሲሄድ እንድሪስ ከሰል አነሳና የእርጥበቱ ጫፍ ላይ አሰመረ። ከመሬት ሁለት ክንድ ይሆናል።

«እስከ ነገ ማታ እዚሁ ጥግ ታጠቢ። በአንድ ጣሳ ሳይሆን በሁለት።»

«ሊያስወጡኝ ነው እንዴ፣ አያ እንድሪስ?»

«የምልሽን አድርጊ።»

ሰኞና ማክሰኞ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም። እንድሪስ በየማታው በጭነት መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ በየጠዋቱ ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀቱን አሳይቶ ይመለሳል። እርጥበቱ ከመሥመሩ ንቅንቅ አላለም። ረቡዕ መዲና መስጊድ ሄዳ እንድትታጠብ፣ እቤት አንዲት ጠብታ እንዳትደፋ ነገራት። ከሰዓት በኋላ ከበረዶ ጋር የተቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ሐሙስ ጠዋት ሲደርስ እርጥበቱ መሥመሩን አልፎ ስንዝር ወጥቷል፤ ልስኑም እንደ ሆድ ተነፍቷል።

ሰይድ መጥቶ መሥመሩን አየ። ማንም ምንም አላስረዳውም። በመስኮቱ ወደ ምሽጉ ተመልክቶ እንደገና መሥመሩን አየ።

«አጥፋው» አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር...»

«ምሽጉን እኔ ያስቆፈርኩት መሰለህ? ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው። እኔም ልጆች አሉኝ። አጥፋውና ፈርም።»

እንድሪስ የጋቢውን ጫፍ በምራቁ አርሶ መሥመሩን ጠረገ። ግን አልፈረመም። በጓሮው ዞሮ ወጣ። ሰይድ በመስኮቱ በኩል ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራው።

ምሽጉ አፋፍ ላይ የሚሊሺያው አዛዥ መቶ አለቃ ቢያዝን ቆሟል። ሁለት ሰዎች ከምሽጉ በጣሳ ውሃ እየቀዱ ወደ ውጭ ይደፋሉ።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ማነህ አንተ?»

«ግንበኛ ነኝ። ውሃው ጉልበት ይደርሳል?»

መቶ አለቃው የተሸከመውን መሣሪያ ከትከሻው አወረደ። «የምሽግ ጥልቀት ለምን ፈለግህ? ማን ላከህ?»

እንድሪስ እጆቹን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ አሳየ። ከኋላው መስኮቱ ሲዘጋ ሰማ።

«ማንም አልላከኝም። ሰው እዚህ ውስጥ ስንት ሰዓት ይቆማል ብዬ ነው።»

ከሚቀዱት አንዱ ቀና አለ። «ተኩሱ ሳይጀመር እግራችን ያልቃል፣ አባው።»

«አንተ ቅዳ» አለ መቶ አለቃው። ወደ እንድሪስ ዞረ። «ቀጥል።»

«ምሽጉ አይነካም። በታችኛው ጫፍ ክንድ የማይሞላ ቦይ ቢቆረጥለት ውሃው ራሱን ችሎ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ደረቅ ምሽግ ይሆናል።»

መቶ አለቃው የምሽጉን ጫፍ አየ። ከዚያ ቤቱን አየ፤ በነጩ ልስን ላይ የወጣውን ጥቁር እርጥበት አየ።

«ግድግዳህስ?»

መዋሸት ይቻል ነበር።

«ግድግዳዬም ይደርቃል።»

መቶ አለቃው መሣሪያውን መልሶ ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። «ከግድግዳው ጀምረህ ቢሆን ኖሮ እዚሁ አንበረክክህ ነበር» አለ። ጣሳ የያዙትን ጠራ። «አካፋ አምጡ። የት ጋ እንደሚቆረጥ ይሄ ሰውዬ ያሳያችሁ።»

ዓርብ ጠዋት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰይድ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሌሊቱን የተኛ አይመስልም።

«የምሽግ ቃል እዚህ አይገባም።»

«አይገባም።»

«የሴትዮዋንም ስም ላውጣ፣ እሺ። ግን ባዶ አላቀርብም። ቤቱን ያበላሸው ሰው ስም ይፈለጋል።»

«የኔን ይጻፉ። የጭቃ ግንብ ላይ ሲሚንቶ ለስኜ አፍኜዋለሁ። ውሸት አይደለም።»

«ለስን ያልኩህ እኮ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እሱም ይጻፍ?»

ሰይድ ብዕሩን አነሳ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን ሳያነብለት አዞረለት። እንድሪስ ራሱ አነበበው። በቸልተኝነት ይላል። አሻጥር የሚል ቃል ፈለገ፤ የለም። ፈረመ።

ቅጣቱ ልስኑን በራሱ ጉልበት አፍርሶ እንደገና መሥራት ነበር፤ እስኪጨርስ ሌላ ሥራ አይይዝም። ኮምቦልቻ ላይ ተስማምቶበት የነበረውን የፋብሪካ አጥር በዚያው ሳምንት ሌላ ግንበኛ ያዘው።

ቅዳሜ መሮና መዶሻውን ይዞ መዲና ክፍል ገባ። ልጆቹን እቴነሽ ወደ ፎቅ ወስዳቸዋለች። ልስኑ እንደ ገበታ በትልልቁ እየተገነጠለ ወደቀ፤ ከኋላው ድንጋዩ ጥቁር ሆኖ ውሃ ያንጠባጥባል። መዲና ድንጋዩን በመዳፏ ነካችው።

«አሁን ጭቃ ይመረጋል?»

«አሁን አይነካም። መጀመሪያ ጭቃው ይቦካል፣ ግድግዳውም ይተነፍሳል።»

«እስከ መቼ?»

«ጥቅምት።»

«እስከዚያ ልጆቼን በዚህ ብርድ?»

«አዎ፣ በዚህ ብርድ» አለ እንድሪስ። «አልጋውን ያዢልኝ፣ ወደዚያኛው ጥግ እናዙረው።»