ያለ ማህተም የተነበበ

ላምበረት፣ መናኸሪያው አጥር ውስጥ የነበረችውን ጣቢያችንን ሰው ሁሉ «ራዲዮኑ» ይላት ነበር። ሞገድ የላት፣ ፈቃድ የላት፤ አንድ ኪዮስክ፣ አንድ ማይክ፣ ባህር ዛፍ ግንድ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች፤ በቃ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው የከፈትናት። ብርድ ልብስ እሸጥ ነበር፤ ስጮህ መዋሉ ጉሮሮዬን ሲጨርሰው ከአንድ ካሴት ነጋዴ ጋር ተሻረክን። ሙዚቃው የሱ፣ ወሬው የኔ።

ውሎ አድሮ የሳሙናውም፣ የአልቤርጎውም፣ የጠፋ መታወቂያውም ማስታወቂያ እኛ ዘንድ ሆነ። ደንባችን አንድ ነው፦ ወረቀት ያመጣ ሦስት ጊዜ ይነበብለታል። ማን ላከህ፣ ለምን አንልም። ሁሉንም በዚያችው ሳቅ ሳቅ በሚላት ድምፄ አነበዋለሁ። ሰው ያምነኝ ነበር። እኔም ራሴን ማመን ጀምሬ ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ የመንገድ ዳር ሱቆች ሊፈርሱ ነው ተባለ። ከመናኸሪያው አጥር ውጭ፣ ጥጉ ላይ ቅቤና እንቁላል የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ከዚያች ቆርቆሮ ሱቅ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት ክፍል አግኝታ ዕቃዋን ልትጭን ስትሰናዳ፣ «ከቢሮ ነን» ያሉ ሁለት ሰዎች ወረቀት አመጡልኝ። «ከበዓሉ በፊት አንድም ሱቅ አይነካም፤ ነጋዴው ተረጋግቶ ይሥራ» ይላል። በሳሙናና በብርድ ልብስ መሀል አነበብኩት።

ወዲያው መስኮቱ ላይ መጣች።

«አንተ፣ የምርህን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ ወረቀቱ ነው የሚለው።»

«ማህተም አለው?»

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ማህተም የለውም። ከኋላዋ አራት አምስት ነጋዴ ቆሞ ያዳምጣል።

«ያለ ማህተም አነባለሁ እንዴ?» አልኳት።

ክፍሉን ተወችው። ለበዓሉም ብላ ቅቤ ጨምራ አስገባች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ በዓሉ ሳይደርስ ዶዘር መጣ። ዕቃ አውጡ የሚል እንኳ አልነበረም፤ ቅቤውና እንቁላሉ ከአፈር ተለወሰ። ክፍሉም ሌላ ሰው ገብቶበታል። የኛ ኪዮስክ አጥር ውስጥ ስለሆነች አልተነካችም።

ከሰዓት በኋላ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ይዛ መጣች።

«አንብብልኝ። ማህተም የለውም፤ አንተ መቼም ግድ የለህም።»

ባልደረባዬ እንደ ልማዱ ሙዚቃ ሊያጅበኝ ካሴቱን ሲከፍት፣ «አጥፋው!» ብላ ጮኸችበት። «ለቅሶ ቤት ይዘፈናል?»

«ቅቤና እንቁላል የሚሸጥበት ሱቅ ፈርሷል። ደንበኞቼ፣ በከንቱ እንዳትደክሙ» ይላል ወረቀቱ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አዝኜ ላነበው ሞከርኩ። አልሆነም፤ ያው የሳሙናው ድምፅ ወጣ። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሻንጣ የሚያስር ወያላ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ቀና ስል መስኮቱ ላይ የለችም። የቀሩትን ሁለት ጊዜ ባልደረባዬ አነበበው። እኔ ማይኩን ትቼ ወደ ብርድ ልብስ ሽያጬ ተመለስኩ።