የሸሐታ መዳፍ

ሸሐታ ግብፅ፣ ሚንያ ከተማ ውስጥ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያሳይ ያረጀ ሰው ነው፤ እኔ በሩ ላይ ቲኬት እቆርጥ ነበር። ተዋንያኑ ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ ወይም ቢላዋ ሲመዘዝ፣ መዳፉን ማሽኑ ፊት ይደቅናል፤ ሸራው ይጨልማል። ከታች ጎረምሳው ሁሉ ያፏጫል።

«አንሳ እጅህን! ሚስትህ ናት እንዴ?»

እሱ ወይ ፍንክች! «ቤተሰቡን ይዞ የመጣ ሰው አለ» ይላል።

ልጁ ናግላ ያደገችው እዚያው ማሽኑ ሥር ነው። ሸራው ሲጨልም፣ «አባባ፣ ልጅቷ የት ሄደች?» ትለዋለች።

«አክስቷ ጋ።»

ታምነዋለች።

ሲኒማ ቤቱ ተዘጋ፤ ናግላም ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። በቀደም በረንዳ ላይ ሻይ ስንጠጣ፣ ያን የድሮ ፊልም በስልኳ ከፍታ መጣች።

«አባባ፣ አክስቷ ጋ አልሄደችም። የገደላት እኮ አባቷ ነው! እየው።»

ቢላዋው ሲመዘዝ ሸሐታ እንደ ልማዱ ስልኩን በመዳፉ ከደነው። ያ የተረገመ ስልክ ግን እጅ ሲነካው ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰው። ልጅቷ ከመዳፉ ሥር «አባዬ!» እያለች እንደገና መጮህ ጀመረች።