የዋቅጋሪ ቀኝ ዓይን

ዋቅጋሪን በቅርብ ያወቅሁት በሚስቱ በኩል ነው። እኔና ዶርቃ ሰንሻይን በሚባለው የሜልበርን ሰፈር ካለው የዶሮ ፋብሪካ አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቆመን ክንፍ ስንቆርጥ ስድስት ዓመት አሳልፈናል። በዝና ግን እሱን የማያውቅ ሐበሻ በዚያን ጊዜ ሜልበርን ውስጥ አልነበረም። ሌላው ወንድ ፋብሪካና ታክሲ ላይ ሲሆን፣ የእሽቅድድም መኪና የሚነዳው እሱ ብቻ ነበር።

እሽቅድድሙ ቴሌቪዥን ላይ እንደምናየው ዓይነት አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ ሞላላ የአፈር ሜዳ አለ። ወንበራቸው ተነቅሎ፣ መስታወታቸው ወልቆ፣ ውስጣቸው በብረት ቱቦ የታጠረ አሮጌ የቤት መኪኖች ሃያ ሆነው ይገቡና ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ ይዞሩበታል። በቀኝ በኩል ዙሪያውን የኮንክሪት ግንብ አለ። መኪኖቹ ይጋጫሉ፣ አፈሩ ሰማይ ይነካል፣ ሰው ይጮኻል።

ዋቅጋሪ የጊምቢ ልጅ ነው። አገሩ ሳለ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዞ ቡና ያመላልስ ነበር። በኩርሙክ በኩል ሱዳን ገባ፣ ካርቱም ሦስት ዓመት ተቀመጠ፣ በፈረንጆቹ 1990 ሜልበርን መጣ። እዚህ የከባድ መኪና ፈተና ሁለቴ ወደቀ፤ መንዳቱ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው የጣለው። በመጨረሻ ያራቪል በሚባል ሰፈር ግሌን የሚባል ሰው ጋራዥ ባትላሜራ፣ የመኪና ቆርቆሮ አቃኚ፣ ሆኖ ተቀጠረ።

ግሌን ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ በዚያ ሜዳ ላይ የኖረ ተወዳዳሪ ነበር። አንድ ቀን መሪው የተጠገነ መኪና ሜዳው ድረስ አስይዞት ሄደና «እስቲ ሦስት ዙር አዙራት፣ መሪው ይጎትት እንደሆነ ንገረኝ» አለው። ዋቅጋሪ አዙሮ ሲመለስ ግሌን የእጅ ሰዓቱን ትክ ብሎ እያየ ነበር።

«ይህን የት ነው የተማርከው?»

«ጊምቢ መንገድ» አለው ዋቅጋሪ። «ክረምት ላይ። ቡና ጭኜ።»

ግሌን በዚያው ዓመት ሁለተኛ መኪና ሠራለት። ቁጥሯ አርባ አንድ ነው። ጎማና ነዳጅ የሚችል ስፖንሰር ሲፈለግ ደግሞ ፉትስክሬይ ሰፈር የቅመም ሱቅ ያላቸው ጋሼ ገብረጻድቃን መጡ። በሩ ላይ የሱቃቸውን ስም በቀይ የአማርኛ ፊደል አስጻፉ። «ፈረንጁ ባያነበው ግድ የለኝም፣ ከእኔ የሚገዛው የሚያነበው ነው» አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሃያ ሠላሳ ሆነን እንሄድ ነበር። ድምፅ ማጉያው ስሙን ሲያጣምመው እንስቃለን፤ ሲያሸንፍ ግን ስማችንን የጠሩን ያህል ነበር ደስታችን። ጋራዥ ውስጥ «ዋግ» ይሉታል፤ እኛም ፋብሪካ ውስጥ ያው ነን፣ ስማችን ተቆርጦ ነው የሚጠራው። ሜዳው ላይ ግን ሙሉ ስሙ በሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይበራል። ይህን ነገር እንደ ቀላል አላየውም፤ ኋላ ላደረገው ሁሉ ምክንያቱ እሱ ይመስለኛል።

በፈረንጆቹ 1995 ሐምሌ፣ በዚህ አገር ክረምት፣ ብረት ሲሞርድ መነጽሩን አውልቆ ነበር። የብረት ፍንጣቂ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ለግሌን «አቧራ ነው» ብሎ ውሃ ረጨበትና ሥራውን ቀጠለ። ዶርቃ ጎትታ ሐኪም ጋ ስትወስደው ሦስት ሳምንት አልፎ ዓይኑ አመርቅዞ ነበር። ቁስሉ ሲድን ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ቀረ። በቀኙ ጭጋግ እንጂ ሰው አያይም። ሐኪሙ «ኦፕሬሽን ከተደረገ ምናልባት የተወሰነ ሊመለስ ይችላል፤ ማረጋገጫ ግን አልሰጥም፤ ቶሎ መሆን አለበት» አለና ለኅዳር ቀጠሮ ቡክ ተደረገ።

ችግሩ የእሽቅድድሙ ወቅት በጥቅምት መከፈቱ ነው። ከዚያ በፊት ለላይሰንሱ የጤና ምርመራ አለ። መርማሪው «አንዱን ዓይንህን ሸፍን» ሲለው ቀኙን በቀኝ እጁ ሸፍኖ ሰሌዳውን አነበበ። «አሁን ሌላውን» ሲለው እጁን ለወጠና ያንኑ ቀኙን በግራ እጁ ሸፈነ። ሰውየው ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ፈረመለት።

ይህን የምታውቀው ዶርቃ ብቻ ናት። ለመነችው። «ለግሌን ንገረው። ካልነገርክ እኔ እነግረዋለሁ» አለችው። እሱም «ከነገርሽው ነገ ባትላሜራ ብቻ ነኝ» አላት። እሷ ጸሎተኛ ናት። በመጨረሻ እጁን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው።

ያን እሑድ እኔም ነበርኩ። ፉትስክሬይ በኪራይ ያገኘነው አዳራሽ ነው። ፓስተር አለማየሁ የታመሙ ወደ ፊት ይውጡ ሲሉ ዶርቃ ባሏን ይዛ ወጣች። ፓስተሩ እጃቸውን ዓይኑ ላይ ጭነው አጥብቀው ጸለዩ፤ እኛም ቆመን ጸለይን። ሲጨርሱ ዋቅጋሪ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ከደነና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ብርሃን አየሁ» አለ።

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ራሴ አልቅሻለሁ። ዶርቃ ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ደውላ የኅዳሩን ቀጠሮ ካንስል አደረገች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዶርቃ ናት ቆይታ የነገረችኝ። ሻይ ሲቀዳ ከስኒው ውጭ ያፈሰዋል። በቀኙ በኩል ስትመጣበት ይደነግጣል። «ዋቅጋሪ፣ ይታይሃል አይደል?» ስትለው «ይታየኛል» ይላታል። እሷም ሁለተኛ አትጠይቀውም፤ መልሱን ፈርታ።

ሜዳው ላይ ደግሞ በጣም ጎበዝ ሆነ። ግራው ደኅና ስለሆነ የውስጡን መስመር ይዞ አይለቅም፤ በቀኝ ማንም እንዳይመጣበት ሁሌም ከፊት ለመሆን ይሞክራል። ተመልካቹ ይህን ስልት ብሎ አደነቀለት። በጥር ወር መጨረሻ በነጥብ ሁለተኛ ነበር። አንደኛው ግሌን ነው።

በየካቲት 1996 አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ወቅቱን የሚወስነው ውድድር ተጀመረ። ጋሼ ገብረጻድቃን ከፊቴ ተቀምጠዋል። አሥራ አንደኛው ዙር ላይ ዋቅጋሪ ከፊት ነበር። ጎማው አልቆ ስለነበር መኪናዋ ከመታጠፊያው ስትወጣ ትዘገይ ጀመር። ግሌን ከኋላው ሆኖ ይህን አየና በግንቡ በኩል በቀኙ ሊያልፍ ገባ። የግሌን መኪና ሙሉ በሙሉ ጎኑ ደርሳ ነበር፤ እኛ ሁላችንም እናያታለን። ዋቅጋሪ ግን ባዶ ቦታ ያለ ይመስል መኪናዋን ወደ ቀኝ ለቀቃት። ጎማ ከጎማ ተያያዘ። የግሌን መኪና ግንቡ ላይ ወጣች፣ ተገለበጠች፣ ደግማ ተገለበጠች፣ በጣራዋ ተደፍታ ቆመች።

ግሌን አልሞተም። አከርካሪው ተሰብሮ ከወገቡ በታች በድን ሆነ።

ዳኞቹ ፊልሙን አይተው «በውድድር ላይ የሚያጋጥም አደጋ ነው» ብለው ዘጉት። ዋቅጋሪ ሆስፒታል ሲሄድ ግሌን አንገቱ ታስሮ ጣራውን እያየ ነበር።

«ያንተ ጥፋት አይደለም» አለው። «ቦታ ይበቃኛል ብዬ የገባሁት እኔ ነኝ። ሞኝነት ነው። አንተ ግን አታቁም፣ እሺ? አንዳችን እንኳ መንዳት አለብን።»

ዋቅጋሪ ሳይነግረው ወጣ። በዚያው ሳምንት ጋሼ ገብረጻድቃን ቤቱ መጡ። አንድ ትልቅ የጎማ አከፋፋይ ለመጪው ወቅት አዲስ መኪና ሊሰጠው ይፈልጋል። «የእኔን ስም ከበሩ ቢያነሡትም ቅር አይለኝም፣ አንተ ብቻ ከፍ በል ልጄ» አሉት። ዋቅጋሪ ሻይ ሊቀዳላቸው ሲል ከስኒው ውጭ አፈሰሰው። ዶርቃ አየችው።

ጋሼ ሲሄዱ በሩን ዘጋችና ፊቱ ቆመች። ግራ እጇን ዘርግታ በቀኝ ዓይኑ በኩል ጥቂት ጣቶቿን አነሣች።

«ስንት ናቸው?»

ፊቱን ሊያዞር ሲል አገጩን ያዘችው።

«ስንት ናቸው ዋቅጋሪ?»

«አላውቅም። ከፍንጣቂው ወዲህ በቀኜ ታይቶኝም አያውቅም። ያን እሑድ አልዋሸሁም፣ እግዚአብሔርን፤ ማየት በጣም ፈልጌ ስለነበር ያየሁ መሰለኝ። ከአዳራሹ ስወጣ ጭጋጉ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግን ውሸት ነው።»

«እኔኮ ቀጠሮህን ሰረዝኩ» አለች ዶርቃ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «በገዛ እጄ ደውዬ ሰረዝኩ። ያን ሰውዬም ሁለታችን ነን የሰበርነው።»

«እኔ ነኝ።»

«ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሻይ ስታፈስ እያየሁ።»

በማግሥቱ ሆስፒታል ሄዶ ለግሌን ነገረው። ምን እንደተባባሉ የሰማሁት ከዶርቃ ነው፤ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዋቅጋሪ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ስለ ፍንጣቂው፣ ስለ ምርመራው፣ ስለ ሁሉም ተናገረ። ግሌን እስኪጨርስ ጠበቀው።

«እኔ እዚህ ተኝቼ ሌት ተቀን ራሴን ስረግም ነበር» አለው። «አንተም ይህን እያወቅህ መጥተህ ሰማኸኝና ሄድክ።»

«አዎ።»

«ውጣ።»

ቀጥሎ ዳኞቹ ጋ ሄደ። ዕድሜ ልኩን ታገደ። የጎማው ሰውዬ ስልክ ማንሳት አቆመ። ጋሼ ገብረጻድቃን በሩን ከአርባ አንድ ላይ አስነቅለው ወሰዱት። ሱቃቸው ሲገባ ያገለግሉታል፣ መልስ ይሰጡታል፤ ልጄ ብለው ግን አልጠሩትም። ጋራዡ ተሸጠ።

እሑድ ቀን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ዋቅጋሪ ተነሣ። ሰው የለመደውን ጠብቆ ሊያጨበጭብ ተዘጋጅቷል። እሱ ግን «አልተፈወስኩም» አለ። «ያኔም አልተፈወስኩም። እናንተ ለእኔ አልቅሳችኋል፤ እኔ ያለቀሳችሁትን ይዤ ሰው ሰበርኩ።» ከፊት ያሉ ሴቶች ተነሥተው ወጡ። አንድ ወንድም «እምነት ስለሌለህ ነው!» ብሎ ጮኸ። ፓስተር አለማየሁ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ሸፈኑ። ቆይተው «ወደ ሐኪም ሂድ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም» አሉ። ሌላ የተናገረ የለም። እኔም ከእነዚያ ዝም ካሉት አንዷ ነኝ። ሲወጣ እጁን መያዝ እችል ነበር፤ ቦርሳዬን እንደሚፈልግ ሰው ሆንኩ።

ለዓይኑ ወደ ሆስፒታል የተመለሰው በሰኔ ነው። ጊዜው አልፎ ነበር። ሐኪሞቹ ደኅናውንም እንዳይጎዳው ብለው ዓይኑን አወጡትና የመስታወት ዓይን አስገቡለት።

ሥራ ያገኘው ከከተማው ወጣ ብሎ ዌሪቢ የሚባል ቦታ፣ አበባ ጎመን እርሻ ላይ ነው። ቅዳሜ እረፍቱን ይዞ ግሌን ቤት ይሄድና ሣሩን ያጭዳል። ማንም አልጠራውም፣ ማንም አላባረረውም። ግሌን በተሽከርካሪ ወንበሩ ከመጋረጃው ኋላ ይኑር አይኑር አያውቅም። ስድስት ወር እንዲህ ቆየ። አንድ ቅዳሜ የግሌን ሚስት ወጥታ ማጨጃውን እንዲያጠፋው በእጇ ምልክት ሰጠችው።

«ከእንግዲህ አትምጣ ብሎሃል» አለችው። «የሞተሩን ድምፅ መታገሥ አልቻለም።»

ማጨጃውን አጥቦ የቤቱ ጋራዥ ውስጥ አስቀመጠና ሄደ።

መኪና ለመንዳት በአንድ ዓይን ሕጉ ይፈቅድለታል፤ እሱ ግን መሪ አልነካም። እርሻው ደግሞ ከባቡር ጣቢያው ሩቅ ነው። ዶርቃ በሠላሳ አራት ዓመቷ መንዳት ተማረች። ሦስቴ ወድቃ በአራተኛው አለፈች። አሮጌ ማዝዳ ገዝታ ከሺፍቷ በፊት ጠዋት ጠዋት ታደርሰዋለች። አንድ ቀን የእኔ መኪና ተበላሽታ አብሬያቸው ሄድኩ። እሷ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ ትነዳለች፤ እሱ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል አድርጎ ተቀምጧል። አደባባይ ላይ ሞተሩ ጠፋባት። ከኋላ ጡሩምባ በጡሩምባ ሆነ። ያስተምራታል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እጆቹን ከጉልበቶቹ መሃል አላወጣም። እሷ ራሷ አስነሥታ፣ መኪናዋን እያዘለለች፣ አለፈች። እርሻው በር ላይ ሲወርድ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት፣ እንደ ባዕድ ሰው፤ የጎማ ጫማውን ይዞ ወደ ጎመኑ ገባ።